ሽማግሌ የተላከበት ካርታ

«አረንጓዴ ብትቀቢው ምን ይጎድልብሻል?»

«የምቀባው እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«ሞዴሉ ነው።»

«እንግዲያው እሱን ጥሪልኝ፣ ከእሱ ጋር ልነጋገር።»

አጎታችን ከመቂ በመጀመሪያው ሚኒባስ አዳማ መጥተው፣ ያመጡልንን ሽንኩርት ደጅ ላይ አስቀምጠው፣ ገና ከመግባታቸው ነው ነገሩን የጀመሩት። ቁጭ ይበሉ ብንላቸው እምቢ አሉ። የእናታችን ታላቅ ወንድም ስለሆኑ እሳቸው ቆመው እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። እህቴ ግን ተቀምጣለች። የላፕቶፗ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ሲነቀል ይጠፋል። ሶኬቱ ያለው ደግሞ ከአልጋው ጫፍ ነው። ስለዚህ ክርክሩ የሚካሄደው አጎታችን በር ላይ፣ እህቴ አልጋ ላይ፣ እኔ መሀል ሆነን ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለው የመቂ ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ ወንዙ ከጉራጌ ተራሮች ተነስቶ ዝዋይ ሐይቅ እስኪገባ ድረስ ውሃውን የሚሰበስብበት አገር በሙሉ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል። እርሻው ቢጫ ነው፣ ዛፉ አረንጓዴ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ ቤቱ ቀይ። የአጎታችን የሽንኩርት ማሳ ያለው ቀዩ ውስጥ ነው። ዳር ላይ ቢሆን ኖሮ መከራከሪያ ይገኝ ነበር፤ ግን መሀሉ ላይ ነው።

«ደግሞም አረንጓዴ ቢሆን የእርስዎ አይሆንም» አለች እህቴ። «አረንጓዴ ዛፍ ነው። እርሻ ቢጫ ነው።»

«ሽንኩርት ቢጫ ከሆነማ ታሟል።»

«ቀለሙ ምልክት ነው እንጂ መልኩ አይደለም፣ ጋሼ።»

አጎታችን ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ገጣሚው? አፍ አለህ አይደል?»

እኔ መስክ ላይ ነጥብ ያዥ እንጂ የቀለም ሥልጣን እንደሌለኝ ነገርኳቸው።

«ይኸ ነገር ልጄን እየወሰደብኝ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቀይ መሬት ላይ ሽንኩርት የሚተክል የለም እያለ ነው። ማሳውን የቤት ቦታ እያደረግን እንሽጥ፣ እኔ አዳማ ገብቼ ባጃጅ እነዳለሁ እያለ ነው። እኔ በዚህ ጉልበቴ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ተሸክሜ ወንዝ አልወርድ። እሱ ከሄደ ማሳው አበቃ። ስለዚህ ወይ ካርታሽን ቀይሪ ወይ ልጄን መልሺ።»

«ሁለቱንም አልችልም።»

«እኔን ካልሰማሽ ሰው እልካለሁ» ብለው ሄዱ።

በእኛ አገር ሰው የሚላከው ልጃገረድ ለመጠየቅ፣ ባልና ሚስት ለማስታረቅ፣ ወይም ደም ለማድረቅ ነው። ሶፍትዌር ላይ ሽማግሌ ሲላክ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እህቴ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በዚህ ትንበያ ላይ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ጥንቆላ ይመስላል፤ ሲጠጉት የጥንቆላን ያህል እንኳ አያዝናናም። ድሮ ከሳተላይት የተነሳ ምስል ትወስዳለች፣ ቅርብ ጊዜ የተነሳ ደግሞ ትወስዳለች፣ የትኛው መሬት ከምን ወደ ምን እንደተለወጠ ኮምፒውተሩ ያያል። ከዚያ «ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ» ብሎ ወደፊት ይራመዳል። አገሩ በሙሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተሸንሽኗል። እያንዳንዷ አራት ማዕዘን ግራ ቀኟን ታያለች። ጎረቤቶቿ ቤት ከሆኑ፣ አስፋልቱም ቅርብ ከሆነ፣ እሷም ቤት ለመሆን ታኮበኩባለች። ገደል ላይ ያለች ግን ማንም ስለማይፈልጋት እንዳለች ትቆያለች።

ይህ ሁሉ ግን ከሰማይ ብቻ አይሆንም። ሰማይ የሚያየው ነገር ምድር ላይ እውነት መሆኑን በእግር ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በእግር የሚሄደው እኔ ነበርኩ። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ ይህ ሥራ አለመሆኑን እናታችን ከአርሲ ነገሌ በደወለች ቁጥር ታስታውሰኛለች። ስለዚህ እህቴ ቦታ ጠቋሚውን መሣሪያ አስያዘችኝና ከቆቃ ወዲያ፣ ከአለም ጤና ወዲያ፣ መቂን አልፈን ወደ ወንዙ ላይኛው ዳርቻ ስንንከራተት ከረምን። መሣሪያው «እዚህ ቁም» ሲለኝ እቆማለሁ፤ የቆምኩበት ምን እንደሆነ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ እህቴ ትመዘግባለች።

የተፈቀዱልኝ ቃላት እርሻ፣ ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ውሃ እና ቤት ነበሩ። መሬት ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። አንዱ ነጥብ ላይ ስደርስ ትልቅ ግራር አገኘሁ፤ ግንዱ ላይ ፀጉር አስተካካይ መስታወት ሰቅሎ አንድ ሰውዬ በግማሽ ተላጭቶ ተቀምጧል።

«ዛፍ ነው ቤት?» አልኳት።

«ጣሪያ አለው?»

«ቅጠል አለው።»

«ዛፍ በል።»

ሌላው ነጥብ የኳስ ሜዳ ነው፤ አንደኛው ግብ ውስጥ የጤፍ ክምር አለ። እርሻ። ሌላው ጣሪያ ያልወጣለት የብሎኬት ክፍል ነው፤ ውስጡ አህያ ታስሯል። ቤት። ወንዙ ጋ ስንደርስ ወንዝ የለም። ደረቅ አሸዋ ላይ አይሱዙ ገብቶ ወጣቶች አሸዋ ይጭናሉ፤ አንዱ ጥላ ፍለጋ መኪናው ሥር ተኝቷል።

«ውሃ» አለች እህቴ እየመዘገበች።

«ውሃ የለም እኮ።»

«ክረምት ይመጣል።»

የአጎታችን ማሳ ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም አልተጠራጠርንም። የሽንኩርቱ መደብ በገመድ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የሠራው የአጎታችን ልጅ ነው። ከእኔ በአንድ ዓመት ያንሳል፣ ግን መንደሩ በሙሉ በእሱ መደብ ይቀናል። ሞተሩን አስነስቶ ውሃውን ለቀቀው፤ ውሃው ማንም ሳይነካው ቦዩን ተከትሎ እስከ ዳር ሄደ። እኔ «እርሻ» አልኩ። አጎታችን ከጎኔ ቆመው «እርሻ ብቻ?» አሉኝ፤ ከዚያ የሚበልጥ ቃል እንዳልተፈቀደልኝ አስረዳኋቸው።

ጥፋቱ የተፈጠረው በፋሲካ ነው። አጎታችንና ልጃቸው ለበዓል እኛ ቤት መጥተው፣ ምሳ ተበልቶ፣ እህቴ የጨረሰችውን ካርታ ለቤተሰብ ልታሳይ ከፈተችው። የአጎታችን ልጅ አየው፣ መንደሩን በጣቱ ፈለገው፣ አገኘው፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። እህቴ «ቆንጆ ነው አይደል?» አለችው። «በጣም» አላት።

ፎቶው መቂ የደረሰው ከአጎታችን ቀድሞ ነው። እዚያ አንድ ደላላ አለ፤ ሽንኩርት ውድ ሲሆን ሽንኩርት ለአዲስ አበባ ያስጭናል፣ ሽንኩርት ሲረክስ መሬት ያሻሽጣል። ያን ሰሞን ሽንኩርት ረክሷል። ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ለገበሬው ሁሉ ያሳያል፤ «ከላይ የመጣ ነው» ይላቸዋል። ሳተላይት ያለው ላይ ስለሆነ ውሸቱን ነው ማለት አይቻልም። ሰዎቹም ከተማ ሊመጣ ነው ብለው አመኑ። አንዳንዱ ማሳው ጥግ ላይ የድንበር ድንጋይ ተከለ፣ አንዳንዱ ሰው ሳይገባበት ቆርቆሮ ቤት አቆመ። የሚቀጥለው ሳተላይት ሲያልፍ እነዚያን ቆርቆሮዎች ማንሳቱ አይቀርም። እህቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላላትም፤ ትንበያዋ ግን ቀን በቀን እየተሻሻለ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ነው። ሁለት ናቸው። አንደኛው ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ የአጎታችን የማኅበር ጓደኛ፤ በመቂና አካባቢዋ ተጣልቶ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ይባላል። ሁለተኛው ባርኔጣ ያደረጉና ረጅም ዱላ የያዙ የኦሮሞ ሽማግሌ ናቸው፤ ማሳቸው ከአጎታችን ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። ከኋላቸው አጎታችን፣ ከአጎታችን ኋላ ልጃቸው። በክፍሏ ውስጥ ያለው መቀመጫ አልጋውን ጨምሮ ለሁሉም አይበቃም ነበር፤ ግን ማንም ሊቀመጥ ስላልፈለገ አልተቸገርንም።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለች እህቴ።

«አንቀመጥም» አሉ ባለ ጋቢው። «ጉዳይ አለን።»

«ጉዳዩን ቁጭ ብላችሁ ንገሩኝ።»

«እሺ ካልሽን ነው የምንቀመጠው።»

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«እሱን ስንቀመጥ እንነግርሻለን።»

እህቴ ሥርዓቱን ታውቃለች። በሥርዓቱ እሷ የሙሽራዋ አባት ናት፤ ሙሽራዋ ሶኬት ላይ ተሰክታ አልጋው ላይ ናት። ሽማግሌን አቁሞ ማቆየት ደግሞ ለአባትም ነውር ነው። «እሺ» አለች። ተቀመጡ። ልጁ ብቻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ባለ ዱላው «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» አሏት።

«ፈያዳ» አለች፤ ደህና ነኝ ማለቷ ነው።

ባለ ጋቢው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ስለ አጎትና ስለ ዘመድ፣ ስለ መሬትና ስለ ልጅ ብዙ ተናገሩ። ንግግሩ ለሌላ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ያገለገለ መሆኑ ያስታውቃል፤ አንድ ቦታ ላይ «ትዳራችሁን» ሊሉ ጀምረው ተመለሱ። መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ስለ ሽበታችን ብለሽ ያንን ቀይ ወዲያ አድርጊልን» አሉ።

እህቴ ላፕቶፑን አዙራ አሳየቻቸው። አራት ማዕዘኖቹን፣ ጎረቤት ጎረቤቷን እያየች እንደምትለወጥ፣ አስፋልት የሚቀርባት እንደምትፈጥን ነገረቻቸው። ባለ ዱላው ዓይናቸውን አጥብበው ሰሙ።

«ጎረቤቷን አይታ ነው የምትለወጠው?»

«አዎ።»

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር...» ብለው ጀመሩና ሴት ልጅ ፊት መጨረስ ከብዷቸው ወደ ባለ ጋቢው ዞሩ።

«ተምራ ትመጣለች» አሉ ባለ ጋቢው፣ ምን ተምራ እንደምትመጣ ዘለው። «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?»

«ለዚህ ነው» አለች እህቴ።

«እሺ፣ እውነት መናገሩን በምን ታውቂያለሽ?»

«መጀመሪያ ያለፈውን እንዲተነብይ አድርጌ፣ ከእውነቱ ጋር አስተያይቼዋለሁ። ብዙውን አግኝቷል።»

«ያለፈውንማ እኔም እተነብያለሁ።»

«እርስዎ እዚያ ነበሩ፣ አባባ። እሱ አልነበረም።»

ባለ ጋቢው ይህንን በጥሞና አሰቡበትና «ልክ ነሽ» አሉ። ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው፤ አንዱን ነጥብ መልቀቅ ለሌላው መንገድ እንደሚከፍት ያውቃሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

«ግማሽ በግማሽስ? እናንተ ቀይ ትላላችሁ፣ ወንድማችን ቢጫ ይላል። ሁለቱ ሲደባለቅ ብርቱካንማ ነው። ብርቱካንማ አድርጊው፤ ማንም አይጎዳ።»

«ብርቱካንማ የሚባል የለኝም።»

«ቢኖርሽ ምን ይሆን ነበር?»

«ቤትም እርሻም የሆነ።»

«የእኔ ግቢ እንደዚያ ነው» አሉ ባለ ዱላው። «ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ጎመን አለኝ።»

ስንንከራተት በከረምንባቸው ቀናት ያ ብርቱካንማ ቢሰጠኝ ኖሮ ግማሹን አገር በእሱ እሞላው ነበር። እህቴ ጥፍሯን ትነክስ ጀመር። እናታችን ጠዋት ደውላ «ወንድሜን አሳዝነሽ እንዳትሰጂው» ብላታለች። ሽማግሌ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም።

«ሌላ ካርታ አለኝ» አለች።

አጎታችን ቀና አሉ። «ሌላ?»

«የወንዙ ዳር ቢጠበቅ ኖሮ የሚሆነውን የሚያሳይ።»

«እስካሁን ለምን ደበቅሽን?»

«አልጠየቃችሁኝም።»

ላፕቶፑ ካርታውን እስኪከፍት ሁላችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን። ከላይ ወደ ታች እየተቆራረጠ መጣ። መጀመሪያ ተራራው፣ ከዚያ የወንዙ እጥፋቶች፣ ከዚያ መቂ። ከተማዋ ቀይ ናት፤ ወንዙን ተከትሎ ግን ሰፊ አረንጓዴ መቀነት ወርዷል። እህቴ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ቦታ ነካች። የአጎታችን ማሳ አረንጓዴው ውስጥ ነው።

አጎታችን ፊታቸው ተፈታ። «ይኸው። ሲፈልግ ይችላል።»

ባለ ጋቢው ለምርቃት ሊነሱ ዱላቸውን ፈልገው እንደሌላቸው አስታወሱ። ባለ ዱላው እጃቸውን ዘርግተው ኦሮምኛ ምርቃት ጀመሩ። እህቴ ምርቃቱን ብትቀበል ኖሮ ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር። ግን አንዳንድ ሰው ምርቃት እንኳ ያለአግባብ አይወስድም።

«ጋሼ፣ አረንጓዴ ዛፍ ነው ብዬዎት ነበር።»

«እና?»

«ይህ የሚሆነው ከወንዙ ዳር እርሻም ቤትም ሲነሳ ነው። ዛፍ ተተክሎ ይተዋል፣ አፈሩ ታጥቦ ሐይቅ እንዳይገባ። ሽንኩርት የለም።»

«እኔስ?»

«ካርታው ላይ ሰው አይታይም።»

አጎታችን ካርታውን አዩ፣ እህቴን አዩ፣ ካርታውን አዩ። በመጀመሪያው ማሳቸው ሰፈር ሆኗል፤ በሁለተኛው ጫካ። አንዱ የደላላው ነው፣ አንዱ የወፍ። እሳቸው ያሉበት ሦስተኛ ካርታ የለም።

ባለ ዱላው ምርቃቱን መሀል ላይ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ቃላቸው ግን ሌላ ነበር። «አሁን፣ ዛሬ፣ ማሳው ምን ቀለም ነው?»

«ቢጫ።»

«እንግዲያው ዛሬ ደህና ነው» አሉና ወደ ልጁ ዞሩ።

ባለ ጋቢውም ዞሩ። ነገሩ ወደሚያውቁት ዓይነት ተመልሶላቸዋል፤ አባትና ልጅ። ድምፃቸው ራሱ ተሻለ። «ስማ ልጄ። ካርታው ሁለት ልብ ነው፤ አየኸው። ወይ ቤት ነው ወይ ዛፍ ነው። እስኪለይለት ከአባትህ ጋር ሥራ። ቀዩን ፈርተህ እሳቸውን አትጣላቸው።»

ልጁ ጀርባውን ከግድግዳው አላቀቀ።

«ካርታው እኔን ምንም አላደረገኝም፣ አባባ» አለ።

«ቀይ ነው ስትል አልነበረም?»

«ምክንያት ስፈልግ ነበር። ፋሲካ ላይ አገኘሁ።»

«የምን ምክንያት?»

«ሽንኩርት አልወድም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሲያስታርቁ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህ ቃል ፊታቸው ቀርቦ አያውቅም መሰለኝ።

«መብላቱን ነው?» አሉ ባለ ዱላው።

«መትከሉን። መኮትኮቱን። መንቀሉን። ሽታውን። ክረምት ከበጋ ስለ ዋጋው ማውራቱን። ከድሮም አልወደውም።»

አጎታችን «እንደዚያ አድርጎ መደብ የሚሠራ ልጅ?» አሉ። ያሉት ለእሱ ሳይሆን ለክፍሉ ነው።

«ቀጥ ሲል ውሃው በራሱ ይሄዳል» አለ ልጁ። «እኔ አብሬው መቆም የለብኝም።»

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»

«ሽማግሌ ይልኩብኛል ብዬ።»

ባለ ጋቢው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። አጎታችን ወደ እህቴ ዞሩ።

«ይህን ያውቅ ነበር፣ ያ የአንቺ ሞዴል?»

«አያውቅም፣ ጋሼ። ከመንገድ ያለውን ርቀት ያውቃል፣ ከወንዝ ያለውን ያውቃል። ልጅ የለበትም።»

«ልጅ የለበትም» አሉ አጎታችን። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በዚያው ቀሩ።

«መሬቱን አልሸጥም» አለ ልጁ። «ያንን ያልኩት እንዲቆጡና ሂድ እንዲሉኝ ነው። የእርስዎ ነው፤ ለፈለጉት ያከራዩት፣ ያሳርሱት። ሞተሩን ጠግኜ ቁልፉን ቤት ትቻለሁ። እኔ ግን አልመለስም።»

«ባጃጁስ?» አልኩት።

«እሱ እውነት ነው» አለኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የባለ ጋቢውን ጉልበት ሊስም ሄደ፤ እንደ ወጉ ከንፈሩ ሳይደርስ ቀና አደረጉት። የባለ ዱላውን ሊስም ሲል እሳቸውም ክንዱን ይዘው አነሱት። አባቱ ጋ ሲደርስ አጎታችን አላነሱትም፣ አልገፉትምም፤ ዓይናቸው አረንጓዴው ካርታ ላይ ነበር። ስለዚህ ጉልበታቸውን እስከመጨረሻው ሳመ፣ ራሱ ቀና አለ።

ያን ጠዋት ነፋስ ነበር። የአዳማ ነፋስ የቆርቆሮ በር ካገኘ ያላትመዋል። ልጁ ወጣና እጀታውን ከውጭ ሳይለቅ በሩን ቀስ ብሎ ሳበው፤ እስኪገጥም ጠበቀ፣ ከዚያ ዘጋው።